ከበሽታው በኋላ የደረሱት ሐኪም

ስለ ወረርሽኝ ዝግጅት ከነጋዴዎችና ከድርጅት ኃላፊዎች ጋር በተጨዋወትኩ ቁጥር አንድ እምነት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። በሽታው የመጣ ዕለት መንግሥት ሐኪም ይልካል፣ ለጋሾች መድኃኒት ያመጣሉ፣ የነጋዴው ድርሻ እስከዚያ ድረስ መታገስ ነው የሚል እምነት ነው። ለዚህ መልስ ይሆን ዘንድ የሥራ አመራር ምክር ከምደረድር የአንድ ሐኪም ሕይወት ብተርክ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ናቸው። በሕክምናና በሚስዮን ታሪካችን ስማቸው የታወቀ ነው። ወደ አገራችን የመጡት በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ምክንያት፣ በጋምቤላ በኩል፣ ዛሬ የመቱ ነጋዴ ቡናውን በሚሰበስብበት የምዕራብ አገር መንገድ ነው። በሕይወታቸው ውስጥ ለዛሬ ነጋዴ የሚጠቅም ብዙ ቁም ነገር አገኛለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንዱ ነው፤ ላምቢ የደረሱት ዋናው ማዕበል ካለፈ በኋላ ነበር።

ከፒትስበርግ እስከ ሶባት ወንዝ

ላምቢ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በብረት ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው በፒትስበርግ ከተማ ነው። ሕክምና ተምረው እንደጨረሱ እ.ኤ.አ. በ1907 የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሐኪም ሆነው ወደ ሱዳን ተላኩ። በሶባት ወንዝ ዳር በዶሌብ ሒል፣ ቀጥሎም ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በሚጠጋው በናስር ከሺሉክና ከኑዌር ሕዝብ ጋር ኖሩ። ትዳር የመሠረቱትም በዚያው በሱዳን የሥራ ዘመናቸው ነው።

ናስር ሩቅ ቦታ ይምሰል እንጂ ከኢሉባቦር ጋር የተሳሰረ ነበር። ሶባትን ሽቅብ የሚቀዝፍ ወደ ባሮ ይገባል፤ ባሮም ጋምቤላ ያደርሳል። በ1902 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቃ ጨርቅ እያራገፉ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የቡናው ጭነት ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወርዳል። ያኔ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ መቱ ዋና ከተማ የሆነችው ብዙ ቆይታ ነው። በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም ሱቅና መጋዘን ነበራቸው።

ይህ መንገድ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረው። የባሮ ውኃ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ወንዙ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ይጎድልና መርከቡ ይቀራል። በኅዳር ወር ጎሬ ላይ የተቀመጠ ነጋዴ ቡናው እየደረሰ፣ መንገዱ ግን እስከሚቀጥለው ክረምት ተዘግቶ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የኅዳር በሽታ

በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ክፉኛ በረታ። ቀደም ብሎ በፀደይ ወራት ቀለል ያለ ማዕበል አልፎ ስለነበር ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ተራ ጉንፋን ቆጥሮት ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀብር ሰው ታጣ። በሽታው ከሌላው ጊዜ ጉንፋን የሚለየው ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሳይሆን በጉልበት ዕድሜ ላይ ያለውን ወጣት መጣሉ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ያኔ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን፣ እርሳቸውም በጽኑ ታመው እንደ ነበርና በአዲስ አበባ ከ10,000 ሰው በላይ እንዳለቀ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ጽፈዋል። በዓለም ዙሪያ የሞተው ሕዝብ 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ፣ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ወረርሽኝ የሚከተለው የንግድን መንገድ ነው። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ዕቃ በፈጠነ ቁጥር በሽታም ይፈጥናል። በነጋዴ ዓይን ስናየው ገበያውን የሚያሰፋ መንገድ ሁሉ ለበሽታ በር ይከፍታል። ይህ ማለት መንገዱ ይዘጋ ማለት አይደለም። መንገድ የከፈተ ሰው በሩ ላይ ምን እንዳዘጋጀ ራሱን ይጠይቅ ማለት ነው።

የላምቢ የትውልድ አገር ራሱ ከዚህ መዓት አልተረፈም። ፒትስበርግ ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች መካከል ከፍተኛ የሞት መጠን ከተመዘገበባቸው አንዷ ነበረች። በዚያው ግዛት የምትገኘው ፊላደልፊያ መስከረም 28 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ለጦርነት ብድር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ታላቅ ሰልፍ አካሄደች። ሰልፉ ይቅር ያሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሰሚ አላገኙም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቿ ሞሉ። ሴንት ሉዊስ የተባለችው ከተማ ግን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በታዩ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶችንና የመሰብሰቢያ ቦታዎችን ዘጋች። ነጋዴዎቿ ኪሳራውን አይተው አጉረመረሙ፤ የሟቿ ቁጥር ግን ከፊላደልፊያ በእጅጉ ያነሰ ሆነ። ሁለቱም ከተሞች መድኃኒት አልነበራቸውም። ክትባት የለም፤ የበሽታው መንስኤ የሆነው ቫይረስ እንኳ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የለያቸው ቀድሞ መወሰን ብቻ ነው።

ወደ ሰዮ የተላከው ጥሪ

በሽታው ምዕራብ ኢትዮጵያንም አልማረም። ከኢሉባቦር ባሻገር፣ ባሮን ተሻግሮ በሚገኘው በሰዮ፣ የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሕዝባቸው ሲያልቅ አዩ። በግዛታቸው ሐኪም አልነበረም። አዲስ አበባ በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነው፤ እዚያ ያለውም ሐኪም ለከተማው እንኳ አልበቃም። በመሆኑም ጥሪያቸው በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ሄደና አሜሪካዊው የሚስዮን ሐኪም እንዲመጡላቸው ተጠየቀ።

ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 መጡ። ከናስር ወደ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ወደ ደጋው ወጥተው ሰዮ ሲሰፍሩ ግን የኅዳሩ ማዕበል አልፎ ነበር። የሞተው ሞቷል፤ የተረፈውም ተርፏል። የጠራቸውን በሽታ ማከም አልቻሉም። ይልቁንስ ክሊኒክ ከፈቱ፣ ትምህርት ቤት አስጀመሩ፤ ቁስል፣ ወባና የዓይን ሕመም ማከም ያዙ። ወደ ሚስዮኑ ከመጡት መካከል በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ ጊዳዳ ሶለን የሚባሉ ወጣት ነበሩ። በኋላ የታወቁ ቄስ ሆኑ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።

ነገሩን በሥራ ሰው ዓይን ስመለከተው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ደጃዝማች ብሩ ትጉህ ገዥ ነበሩ፤ ጥሪ አላዘገዩም። ሐኪሙም ፈቃደኛ ነበሩ። የጎደለው ጊዜ ነው። ወረርሽኝ አንድን ከተማ በሳምንታት ጠርጎ ያልፋል፤ እርዳታ ደግሞ በወራት ይመጣል። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ስልክም በየኪሱ አለ። ይሁንና ዓለም በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲታመም ጓንት፣ ጭምብልና ኦክስጅን የሚፈልገውም በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰለፋል። ወረፋው ደግሞ ከመቱ አይጀምርም።

የጎሬው ገዥ ጆሮ

ላምቢ ሰዮ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ለእረፍት ወደ አገራቸው ለመሄድ በአዲስ አበባ በኩል ለማለፍ ወሰኑ። መንገዳቸው ጎሬ ላይ ጣላቸው። በጊዜው የኢሉባቦር ገዥ ደጃዝማች ናደው፣ በኋላ ራስ የተባሉት፣ በጆሮ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ሐኪሙ ጆሮአቸውን ሲያዩ አንድ ነፍሳት ገብቶ አገኙና አወጡላቸው። ሥራው ትንሽ ነው፤ ምናልባት ከደቂቃዎች ያልበለጠ። ውጤቱ ግን ትልቅ ሆነ። ናደው ስለ ሐኪሙ መልካም ቃል ወደ ራስ ተፈሪ ላኩ። ራስ ተፈሪም ላምቢን ተቀብለው በመዲናይቱ ሆስፒታል እንዲያቋቁሙ ጠየቁ፤ ቦታም ሰጡ። ናደው ራሳቸው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ወደ ጄኔቫ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ።

ይህ ታሪክ እንደ ጨዋታ ሲወራ ይሰማል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ላምቢ በኋላ የገነቡት ሁሉ የቆመው በመተዋወቅ ላይ ነው። የተዋወቁት ደግሞ መዓት በሌለበት በሰላም ቀን ነው። የዛሬ የመቱ ወይም የበደሌ ነጋዴ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የመቱ ካርል ሆስፒታልን የሥራ መሪዎች፣ የአካባቢውን የእድር ዳኛ የሚያውቀው መቼ ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደውለው በሽታው በገባ ዕለት ከሆነ የሚያነሳለት አያገኝም።

ከጎሬ ወደ ጉለሌ

ላምቢ አሜሪካ ሄደው ለሆስፒታሉ ገንዘብ ፈለጉ። ዋናው ለጋሽ ሆነው የተገኙት በኦሃዮ ግዛት የሸክላ ሳህንና ሲኒ ፋብሪካ የነበራቸው ጆርጅ የተባሉ ባለሀብት ናቸው። አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ የተሠራው ሆስፒታልም በእርሳቸው ስም የጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታል ተባለ። ከደምቢ ዶሎ ቀጥሎ ጎሬ ላይም የአሜሪካ ሚስዮን ጣቢያ ተከፈተ። ፋብሪካ ያለው አንድ ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ያዋጣው ገንዘብ አዲስ አበባን አልጋ ያለው ሆስፒታል ባለቤት አደረጋት።

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚያው በጉለሌ ነው። ኢንስቲትዩቱ የኮሮና ቫይረስን እዚሁ አገር ውስጥ መመርመር የጀመረው በ2012 ዓ.ም. በሽታው ገና ኢትዮጵያ ሳይገባ ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ ናሙና ወደ ውጭ አገር ተልኮ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለገም። በ1911 እና በ2012 ዓ.ም. መካከል ያለውን ልዩነት አንዱ ሐቅ ይህ ነው። ቀድሞ የተቀመጠ ላብራቶሪ ዘግይቶ ከሚመጣ ሐኪም ይልቃል።

ላምቢ ግን አዲስ አበባ ላይ አልተቀመጡም። ከፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ተለይተው እ.ኤ.አ. በ1927 ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ጋር ሆኑና ወደ ደቡብ ወረዱ። ጅማ ለመድረስ አስበው ነበር፤ አልተሳካም። ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ላይ ጣቢያ ከፈቱ። በአዲስ አበባም የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል እንዲቋቋም መሪ ሆኑ። ሆስፒታሉ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተሰየመ። ዛሬ ሰፈሩ ዘነበ ወርቅ የሚባለው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ አለርት ሆስፒታልም በኋላ የተመሠረተው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ላምቢ የኢትዮጵያን ዜግነት ተቀበሉ።

ሦስት ወር የቀረው ዝግጅት

የጣሊያን ወረራ በቀረበ ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ቀኑ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ላምቢ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሥራውን ያዙ። ጦርነቱ የተጀመረው በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ነበርና ለዝግጅት የተረፋቸው ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በዚያ አጭር ጊዜ ፋሻ፣ መድኃኒት፣ መኪናና ሰው ማሰባሰብ ነበረባቸው። ከውጭ አገር የመጡ የሕክምና ቡድኖች ባይደርሱ ኖሮ ግንባሩ ከዚያ የባሰ ባዶ ይሆን ነበር። ቢሆንም የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ድንኳኖች በአውሮፕላን ተደበደቡ፤ ሠራዊቱም በመርዝ ጋዝ አለቀ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት መራራ ነው። አደጋው በዓይን ከታየ በኋላ የሚጀመር ዝግጅት ውድና ጎዶሎ ነው። ያውም ጦርነት ገና ሲሰናዳ ይታያል፤ ወረርሽኝ ሲሰናዳ አይታይም።

ቀጥሎ የመጣው የላምቢ ሕይወት የሚያሳዝን ምዕራፍ አለው። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች በኋላ የሚስዮናቸውን ሥራ ለማትረፍ ሲሉ ከወራሪው ባለሥልጣናት ጋር ለመስማማት ሞከሩ፤ ቀደም ሲል በጣሊያን ላይ የሰጡትን ቃልም አነሱ። ኢትዮጵያውያን ወዳጆቻቸው ይህን በቀላሉ አላለፉትም። ስምምነቱም ሚስዮኑን አላዳነውም፤ ሁሉም ከአገር ተባረሩ። ላምቢ ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ ተመልሰው አልሠሩም። የአንድን ሰው መልካም ሥራ ስንዘክር ይህንንም አብሮ መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

በተባረሩበት ጊዜ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ወላይታ ላይ ሚስዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ 10,000 መድረሱን የሚስዮኑ የታሪክ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። የእምነቱን ጉዳይ ለባለእምነቶቹ ልተውና የአሠራሩን ነገር ብቻ ላንሳ። አለቆቹ በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ሥራው የቀጠለው ኃላፊነቱ ቀድሞውኑ በአካባቢው ሰዎች እጅ ስለነበር ነው። ወረርሽኝ ለድርጅት የሚያቀርበው ፈተና ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ሒሳብ ሹሙና መጋዘን ኃላፊው በአንድ ሳምንት ቢተኙ ሥራው ይቀጥላል ወይ?

ላምቢ ከኢትዮጵያ ወጥተው በደቡብ ሱዳን ሠሩ። በኋላም ወደ ቅድስት አገር ሄደው በቤተልሔምና በኬብሮን መካከል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። የ69 ዓመት ሰው ነበሩ።

ለዛሬው የመቱ ነጋዴ

አሁን አንባቢ በልቡ ወደ ያዘልኝ ነገር ልመለስ። የ1911 ዓ.ም. በሽታ የበረታው በኅዳር ነው። በኢሉባቦር ደግሞ ኅዳር የቡና ለቀማ ዋና ወር ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከመቱ እስከ ያዮ፣ ከጎሬ እስከ ቡሬ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ጫካ ውስጥ ነው። የዓመቱ ገንዘብ የሚገባው በእነዚህ ሳምንታት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የተገኘው በመጋቢት፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ ነበር። ይህ ዕድል ነው፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ወር መርጦልን እንደሚመጣ ማንም ዋስትና አልሰጠንም። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ መልኩን እየቀያየረ የሚመለስ በሽታ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የወፍ ጉንፋን ሥጋት ዓለምን አስጨንቆ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ኤች ዋን ኤን ዋን የተባለው ዓይነት አገራችን ገብቷል።

ስለዚህ ከላምቢ ሕይወት ተነስቼ ለንግድ ተቋማት የምመክረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ የተተኪ ዝርዝር ይኑር። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ ሁለት ተተኪ በስም ይጻፍ። በሽታው ጉልማሳውን የሚመታ ከሆነ አንድ ተተኪ አይበቃም። ባንክ ላይ የሚፈርም፣ የመጋዘን ቁልፍ የሚይዝ፣ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ያ ድርጅት በአንድ ሰው ትኩሳት ይዘጋል። ውክልናው አስቀድሞ በሕግ ፊት ይለቅ።

ሁለተኛ፣ የታመመ ሠራተኛ እቤቱ የሚተኛበት አቅም ይፈጠርለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚያስከፍል የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ችግሩ የቀን ሠራተኛው ላይ ነው። የዕለት ገቢው የሚቋረጥበት ቡና ለቃሚ ወይም ተሸካሚ እያሳለም ይመጣል፤ ሌላውንም ያስይዛል። ለጥቂት ቀናት የምግብ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ቡድኑ በሙሉ ከሚተኛ ያተርፋል። ለነጋዴው ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የሥራ ወጪ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሰው ሲያንስ እንዴት እንደሚቀጥል ይታሰብ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ የማጠቢያ ጣቢያ ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። በአግባቡ የደረቀ ጀንፈል ግን ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ሠራተኛ በጎደለ ጊዜ ምን ያህሉን ወደ ደረቅ ቡና እንደሚያዞር፣ ለዚያ የሚሆን የማድረቂያ አልጋና መጋዘን እንዳለው ነጋዴው ቀድሞ ይወቅ። ዋጋው ይቀንስበታል፤ ቡናው ግን አይጠፋም። ቡና ያልሆነ ነጋዴም የራሱን ጀንፈል ይፈልግ፤ ማለትም ትርፉ ቢያንስም ሳይበላሽ የሚቆይለትን ሥራ ይለይ።

አራተኛ፣ የአየሩ ነገር። ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ዝግ መጋዘን፣ ደንበኛ የሚታጨቅበት ጠባብ ቢሮ፣ የተዘጋ ሰርቪስ መኪና ለመተንፈሻ አካል በሽታ የተመቹ ናቸው። መስኮት ማስከፈት፣ ሥራን በፈረቃ መክፈል፣ ሊደረግ የሚችለውን ወደ ዳስ ማውጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የኅዳር ወር በኢሉባቦር ዝናቡ የሚቀንስበት ስለሆነ ደጅ መሥራት ይቻላል።

አምስተኛ፣ የመንገዱ ነገር። የ1911 ዓ.ም. የጎሬ ነጋዴ መንገዱ በኅዳር እንደሚዘጋ ያውቅ ነበርና ጨውና ጨርቁን በክረምት ያስገባ ነበር። እኛ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚመስለን መጋዘናችን የሳምንት ዕቃ ብቻ ይይዛል። በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ማመላለሻ ሲታገድና ሲገደብ ይህን አይተናል። ሳሙና፣ ጭምብል፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫና ለሠራተኛ የሚሆን እህል ለሁለት ወር ያህል የሚበቃ ማስቀመጥ አባቶቻችን የሚያውቁት ጥበብ ነው።

ስድስተኛ፣ ብቻን አለመቆም። በ1911 ዓ.ም. ትልቁ ጭንቀት የሚቀብርና የሚያስታምም ሰው መጥፋቱ ነበር። የንግድ ምክር ቤቱ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ፣ እድሮቹና ጤና ጽሕፈት ቤቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ማን ምን እንደሚያደርግ ቢስማሙ፣ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም ቢያግዙ፣ አንዱ ጭነት መኪና፣ ሌላው መጋዘን፣ ሌላው ጉልበት ያዋጣል። የኦሃዮው ባለሀብት በሩቅ አገር ላልተዋወቀው ሕዝብ ሆስፒታል ካሠራ፣ የመቱ ነጋዴዎች ተባብረው ለሆስፒታላቸው የኦክስጅን ሲሊንደር መግዛት አያቅታቸውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህ ዓይነቱ ዕቅድ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ይረሳል። ቀን ያስፈልገዋል። ቀኑን ደግሞ አባቶቻችን አቆይተውልናል፤ ኅዳር 12። በየዓመቱ በዚያ ዕለት ቆሻሻውን ስናቃጥል እያንዳንዱ ድርጅት የተተኪዎቹን ዝርዝር ያድስ፣ መጋዘኑን ይቁጠር፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱን ስልክ ደውሎ ይሞክር። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዶክተር ላምቢ ሰዮ ሲደርሱ ሊያደርጉት ያልቻሉት ያንን የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም ቀኑ አልፎ ነበር።